መዳብ ብቻውን አይዞርም፦ ስለ መዳብና ስለ ሰውነታችን በብዛት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው እሁድ ባህር ዳር ሽምብጥ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን፣ ጎረቤቶቿም ነበሩ፣ ቤቱ ውስጥ ካሉት እናቶች የአብዛኞቹ እጅ ላይ የመዳብ አምባር አለ። አንዷ እማማ አምባሩን ገፋ አድርገው ከስሩ ያለውን ቆዳ አሳዩኝ፣ አረንጓዴ ሆኗል። «አየህ ልጄ፣ ቁርጥማቱን እየመጠጠ ሲያወጣው» አሉኝ። እኔ ባዮኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከተማሪዎቼ ስለዚሁ መዳብ ሌላ ዓይነት ስህተት ነው የምሰማው፣ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ልጻፋቸው ብዬ ተነሳሁ ምክንያቱም የሁለቱም ስህተት መነሻ አንድ ነው። ሁላችንም መዳብ ሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ የሚገባና የሚዞር ይመስለናል። አይደለም፣ ሁሌም የያዘው ፕሮቲን አለ፣ ፕሮቲኑ ሲበላሽ ነው መዳቡ ጠላት የሚሆነው ወይ ደግሞ የሚጠፋው።

«አምባሩ መዳብ ወደ ደም ያስገባል፣ አረንጓዴው የወጣው በሽታ ነው»

አረንጓዴው መዳቡ ራሱ ነው። ላብ ውስጥ ጨው አለ፣ ቆዳ ላይ ቅባት አለ፣ መዳቡ ከነሱና ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ አረንጓዴ የመዳብ ጨው ይሰራል፣ በሳሙና ታጥቦ ይለቃል። ቁርጥማት ያለበትንም የሌለበትንም እጅ እኩል ነው የሚያቀልመው። ቆዳውን አልፎ ደም ጋ የሚደርሰው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የደረቁ ሴሎች ድርብርብ ስለሆነ። እንግሊዝ አገር ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የመዳብ አምባርን መዳብ ከሌለው ጋር አወዳድረው ሁለት ጥናት አውጥተዋል፣ በ2009 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በመገጣጠሚያ መሸርሸር፣ በ2013 ደግሞ በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ፣ ህመሙ ላይ የረባ ለውጥ አላገኙም። ለጌጥ ማድረግ ምንም ክፋት የለውም እኮ፣ ያምራልም። እኔን የሚያሳስበኝ ጠዋት ጠዋት ጣታቸው እያበጠ እየደነዘዘ ከሐኪም በፊት አምባሩን የሚጠብቁት ናቸው፣ ሩማቶይድ ሳይታከም ሲቆይ መገጣጠሚያውን ይበላዋልና።

«የበላነው መዳብ ሾልኮ ሴል ውስጥ ይገባል»

ይሄ የተማሪዎቼ ነው። የሴል ሽፋን ቅባት ነው፣ መዳብ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ሲሆን ቻርጅ ያለው አተም ነው፣ ቅባት አያሳልፈውም። በር ያስፈልገዋል። ዋናው በር ሲቲአር1 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ሦስት አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ተደጋግፈው ቆመው መሃላቸው ላይ ጠባብ ቀዳዳ ይሰራሉ፣ ቀዳዳው አካባቢ ሜቲዮኒን የሚባል ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ ተደርድሯል፣ መዳቡን የሚይዘው እሱ ነው።

እዚጋ ግን ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። መዳብ በሁለት መልክ ነው የሚገኘው፣ አንዱ ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው፣ ሌላው አንድ ብቻ የጎደለው። ሁለት የጎደለው ናይትሮጅን ይወዳል፣ በተለይ ሂስቲዲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ሲያገኝ ይጣበቃል። አንድ የጎደለው ደግሞ ሰልፈር ነው የሚወደው፣ ሲስቲንና ሜቲዮኒንን። ከምግብ የምናገኘው በብዛት ሁለት የጎደለው ነው፣ በሩ ግን የሚቀበለው አንድ የጎደለውን ነው! ስለዚህ ከሴሉ ውጪ ፊት ላይ ሌሎች ፕሮቲኖች ቆመው አንድ ኤሌክትሮን ይሰጡትና መልኩን ይቀይሩለታል፣ ከዛ ነው የሚገባው። አንድ መዳብ ብለን የምንጠራው ነገር መንገድ ላይ መልኩም ወዳጁም ይቀያየራል ማለት ነው፣ ይሄን የያዘ ተማሪ የቀረውን ሁሉ ሳይሸመድድ ይገባዋል።

የሰውን ይሄን በር ጂን እንዴት እንዳገኙት ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። በ1997 ነው፣ መዳብ ማስገባት ያቃተውን እርሾ ወስደው የሰው ጂን ጨመሩለት፣ እርሾው ዳነ። ያ እርሾ ጠጃችን ውስጥም የሚገኘው ዝርያ ነው። እኛና የጠጅ እርሾ መዳብ የምናስገባበት በር ይቀራረባል ማለት ነው፣ በዝግመተ ለውጥ ስንት ዘመን ተለያይተን። አይጥ ላይ ደግሞ ይሄን ጂን ሙሉ በሙሉ ሲያጠፉት ጽንሱ ገና ማህፀን ውስጥ ይሞታል፣ በ2001 ነው የታየው።

«ሴሩሎፕላዝሚን ከሌለ ሴሎች መዳብ አያገኙም»

ምክንያታዊ ይመስላል፣ ምክንያቱም ደም ውስጥ ካለው መዳብ አብዛኛውን የያዘው ይሄ ሴሩሎፕላዝሚን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጉበት ይሰራዋል፣ አንዱ ሞሊኪውል ስድስት የመዳብ አተም አጥብቆ ይይዛል፣ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፣ ስሙም ከዛ ነው የመጣው፣ በ1948 ሁለት ስዊድናውያን ናቸው ለይተው ያወጡት። ግን አስቡት፣ በተፈጥሯቸው ሴሩሎፕላዝሚን የሌላቸው ሰዎች አሉ፣ ጥቂት ናቸው ግን አሉ፣ የሚታመሙት በመዳብ እጦት አይደለም፣ ብረት ነው ጉበታቸውና አንጎላቸው ውስጥ የሚጠራቀመው። ምክንያቱም ዋና ስራው ብረትን አስተካክሎ ከሴል እንዲወጣ ማገዝ ነው፣ መዳቡ ለሱ የስራ መሳሪያው እንጂ የሚያደርሰው እቃ አይደለም። ከአንጀት የገባውን አዲሱን መዳብ ወደ ጉበት የሚያደርሰው በብዛት አልቡሚን የሚባል ሌላ የደም ፕሮቲን ነው፣ የአልቡሚን መነሻ ጫፍ ላይ ሦስተኛዋ አሚኖ አሲድ ሂስቲዲን ናት፣ መዳቡን የምትቆልፈው እሷ ናት ከሁለቱ ጎረቤቶቿ ጋር። አልፋ2 ማክሮግሎቡሊን የሚባልም አለ፣ እሱም ያግዛል።

«አንዴ ከገባ ሴሉ ውስጥ እንደልቡ ይንሳፈፋል»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሮ ክብሪት እንዲህ ሳይረክስ እናቶቻችን እሳት ሲጠፋባቸው ጎረቤት ሄደው ፍም ይጭሩ ነበር፣ በባዶ እጅ ግን ማንም አይዝም፣ በገል ነው፣ ፍሙ ከጎረቤት ምድጃ ወደ ገል፣ ከገል ወደራስ ምድጃ፣ መሃል ላይ ሳር ቤት ውስጥ ከወደቀ ቤቱ አለቀ። መዳብም እንደዛ ነው። ኤሌክትሮን መቀበልና መስጠት ስለሚቀለው ነው የሚጠቅመን፣ ለዛው ጸባዩ ደግሞ ነጻ ከተለቀቀ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ቁርጥራጮች ያስነሳል፣ ዲኤንኤውንም ቅባቱንም።

ስለዚህ ሴሉ ገል አለው። ከበሩ የገባውን ግሉታታዮንና ሌሎች ተሸካሚዎች ይቀበሉታል፣ ከዛ ስራ የተከፋፈሉ አድራሾች አሉ። አቶክስ1 የሚባለው፣ ኤቲፒ7ኤ እና ኤቲፒ7ቢ ለሚባሉት መዳብ ከሴል ለሚያስወጡ ፓምፖች ያስረክባል፣ ሲሲኤስ ሶድ1 ለሚባለው ተከላካይ ኢንዛይም፣ ኮክስ17 ደግሞ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኦክስጅን የምንተነፍስበትን ኢንዛይም ለሚገጣጥሙት። አንዱ ለአንዱ ሲያቀብል ሁለቱም ለቅጽበት መዳቡን አብረው ይይዙታል፣ የሰጪው ሲስቲን ሳይለቅ የተቀባዩ ሲስቲን ይነካዋል፣ መሬት አይወድቅም። በ1999 እርሾ ላይ ሲሰላ በአንድ ሴል ውስጥ ነጻ የሆነ የመዳብ አተም ከአንድ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማለትም በአማካይ ምንም!

«ዋናው መግባቱ ነው»

መውጣቱ እኩል ነው። ኤቲፒ7ኤ የተበላሸባቸው ልጆች፣ ወንዶች ናቸው በአብዛኛው፣ በ1962 ሜንከስ የተባለ ሐኪም ነው የገለጻቸው፣ የበሉት መዳብ አንጀት ሴል ውስጥ ይገባል ግን ወደ ደም አይወጣም፣ እዛው ይቀራል። አንጎላቸው መዳብ ይራባል፣ ጸጉራቸው ይጠማዘዛል ይሰባበራል። በአፍ መዳብ ቢጨመርላቸው አይጠቅምም፣ ችግሩ ምግብ ላይ አይደለምና።

«በጾም መዳብ ያንሰናል»

አያንሰንም። አንድ አዋቂ በቀን 900 ማይክሮግራም ነው የሚያስፈልገው፣ አንድ ሚሊግራም እንኳን አይሞላም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ብቻ 0.8 ሚሊግራም ገደማ አለ፣ ሽምብራው ምስሩ ሰሊጡ ሲጨመር ከበቂ በላይ ነው። ዱለት የሚወድ ደግሞ ከጉበቱ ብዙ ያገኛል። ጣና ዳር ስለምንኖር ስለ ዓሳ የሚጠየቀውን ልመልስ፣ ቀረሶም አምባዛም ግሩም ምግብ ነው ግን በመዳብ አይታወቅም።

«ዚንክ ቫይታሚን ስለሆነ ቢበዛ ምንም አያመጣም»

ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ዚንክ ለወራት በራሳቸው ገዝተው የሚውጡ ሰዎች አውቃለሁ። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች ሜታሎታዮኒን የሚባል በሲስቲን የተሞላ ፕሮቲን በብዛት ይሰራሉ፣ ይሄ ፕሮቲን ከዚንክ ይልቅ መዳብን ነው አጥብቆ የሚይዘው፣ የአንጀት ሴል ደግሞ ከጥቂት ቀን በላይ አይኖርም፣ ሲረግፍ የያዘውን መዳብ ይዞ ከሰገራ ጋር ይሄዳል። ይሄ ለወራት ሲቀጥል ደም ማነስ ይመጣል፣ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ እግር መደንዘዝ፣ አረማመድ መበላሸት ይከተላል። የደም ማነሱ ብረት በመዋጥ አይድንም። ልጅ ሲያስቀምጠው ጤና ጣቢያ ለ10 ወይም 14 ቀን የሚሰጠው ዚንክ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ይሰጠው፣ ማንም እናት ይሄን አንብባ እንዳትከለክል አደራ። እኔ የምለው ሳይታዘዝ ለወራት የሚወሰደውን ነው።

«ደሙ ውስጥ መዳብ ካነሰ ሰውነቱ መዳብ አንሶታል»

ይሄ ህይወት ያስከፍላል። ዊልሰን የሚባለው በሽታ፣ በ1912 ነው ሐኪሙ ዊልሰን የጻፈው፣ ኤቲፒ7ቢ ሲበላሽ ይመጣል። ጉበት ትርፉን መዳብ ወደ ሐሞት ማስወጣት ያቅተዋል፣ ሴሩሎፕላዝሚን ላይም መዳቡን መጫን ያቅተዋል፣ መዳብ ያልተጫነበት ሴሩሎፕላዝሚን ደም ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ ደሙ ሲለካ ጠቅላላው መዳብ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ጉበቱና አንጎሉ ግን በመዳብ ታፍኗል። ውጤቱን ብቻ አይቶ መዳብ ያለበት ቫይታሚን ማዘዝ እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው። ሐኪሞች የ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ያለውን መዳብ ይለካሉ፣ ዓይን ጥቁሩ ዙሪያ ላይ ቡናማ ቀለበት ይፈልጋሉ።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ወይ በወጣትነት ነው፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ምላስ መያያዝ፣ የጽሑፍ መበላሸት፣ የጸባይ መለወጥ፣ ወይ ዓይን ቢጫ መሆን። እኛ ጋ ደግሞ ወጣት ልጅ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚባለው ይታወቃል፣ ተበላ ነው የሚባለው። ጸበሉን ይጠመቅ፣ እኔም አምናለሁ፣ ግን በዛው ሳምንት ጉበቱም ይታይ። መድኃኒት አለው እኮ፣ መዳቡን ይዞ በሽንት የሚያወጣ ከ1956 ጀምሮ አለ፣ ዚንክም ቅድም ባልኩት መንገድ እዚህ ጋ በሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት ይሆናል፣ ግን በህይወት ሙሉ የሚወሰድ ነው፣ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። አንድ ልጅ ከተገኘበት ደግሞ ወንድምና እህቶቹ ምንም ሳያማቸው ይመርመሩ፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዳቸው 25 በመቶ እድል አላቸው፣ ምልክት ሳይጀምር የተያዘ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ እንደማንኛውም ሰው ሰርቶ ወልዶ ይኖራል።