የብርሃን ትስስር ምንድን ነው?

ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ኳሶች ውኃ ውስጥ አሉ እንበል። የአንዷ ስፋት የፀጉር ውፍረት ሃምሳኛ ገደማ ነው፤ ያለ ማይክሮስኮፕ አትታይም። የውኃው ሞለኪውሎች ያለ ዕረፍት ስለሚያላጓቸው ኳሶቹ አንድ ቦታ አይረጉም። አሁን ሌዘር እናብራባቸው። ሳይነካኩ፣ የሆነ ርቀት ላይ ተጠባብቀው ይቆማሉ። ገመድ የለም፣ ማግኔት የለም። ሌዘሩ ሲጠፋ ሁለቱም በየፊናቸው ይሄዳሉ። የብርሃን ትስስር የሚባለው ይሄ ነው።

ብርሃን እንደሚገፋ ከታወቀ ቆይቷል። ችግሩ ግፊቱ ኢምንት መሆኑ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ሰሌዳ ፀሐይ ላይ ብናሰጣ ብርሃኑ የሚጫነው ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ለኛ ምንም ነው፤ ለአንዲት የማይክሮሜትር ኳስ ግን፣ ያውም ብርሃኑ ሌዘር ሲሆን፣ ከበቂ በላይ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አርተር አሽኪን በ1986 ከባልደረቦቹ ጋር ቅንጣቶችን በአንድ የሌዘር ጨረር ይዞ ማቆም እንደሚቻል አሳየ፤ በ2018 በ96 ዓመቱ ኖቤል ተሸለመበት።

በአሽኪን ሙከራ ግን ጌታው ሌዘሩ ነው። በብርሃን ትስስር ቅንጣቶቹ ራሳቸው አንዱ ሌላው ላይ ኃይል ያሳድራሉ፣ በብርሃን በኩል።

እንዴት? ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው። ኳሷ ላይ ሲያርፍ ውስጧ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያወዛውዛል። የሚወዛወዝ ኤሌክትሮን ደግሞ በተራው ብርሃን ይረጫል። ስለዚህ እያንዳንዷ ኳስ ትንሽ አንቴና ሆነች ማለት ነው። ጎረቤቷ ጋ ሁለት ብርሃን ይደርሳል፦ አንዱ በቀጥታ ከሌዘሩ፣ ሌላው ከኳሷ ተረጭቶ የመጣ። ሁለቱ ሞገዶች እኩል ሽቅብ ካሉ ብርሃኑ ይደምቃል። አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ከሆነ ይፈዛል። በዚህ የተነሳ በኳሷ ዙሪያ ደማቅና ፈዛዛ ቦታዎች ይፈራረቃሉ።

ውኃ ውስጥ ያለች ፕላስቲክ ኳስ ወደ ደማቁ ታዘነብላለች። ደማቁ ቦታ ወደ ጎረቤቷ ቀርቦ ከሆነ የተሳበች ትመስላለች፤ ርቆ ከሆነ የተገፋች። እኔ እንዲያውም «ይስባል፣ ይገፋል» ከማለት «ቦታ ያስይዛል» ማለት ይቀለኛል።

ተመራማሪዎቹ ማይክል በርንስ፣ ዣን-ማርክ ፉርኒዬና ጂን ጎሎቭቼንኮ በ1989 ይህን በማይክሮስኮፕ አዩት። በኳሶቹ መሃል ያለው ርቀት እንደ ደረጃ ነበር፤ ከአንዱ ደረጃ እስከ ቀጣዩ አንድ የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ያህል። አረንጓዴ ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ይህ 400 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ውኃው ሲያላጋቸው ኳሶቹ ከደረጃ ደረጃ ይዘላሉ፤ መሃል ላይ ብዙም አይቆዩም።

በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ቅንጣቶች በየራሳቸው ጨረር ሲያዙና የጨረሮቹ ውዝዋዜ ሲቀዳደም፣ አንዷ ሌላዋን አጥብቃ ስትገፋ ሌላዋ ምንም ላትመልስ ትችላለች። ይህ በ2022 ቪየና ውስጥ በሌዘር ጨረር በተንጠለጠሉ የመስታወት ናኖ ቅንጣቶች ታይቷል። ለእያንዳንዱ ግፊት እኩል የመልስ ግፊት አለ የሚለው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ተጣሰ? አልተጣሰም። የጎደለውን ሂሳብ ወደ ውጭ የሚበተነው ብርሃን ይዞት ሄዷል።