የሞተር ሰዓት ምንድን ነው? የሞቶክሮስ ሞተር ዕድሜና ወጪ

የሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳና ኮረብታ ላይ የሚካሄድ ውድድር) ሞተር ሳይክል ሲገዛ የኪሎሜትር ቆጣሪ የለውም። ያለው፣ ወይም ባለቤቱ የሚገጥምለት፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ደቂቃ የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው «ስንት ሰዓት ሠርቷል?» ብሎ የሚጀምረው ለዚህ ነው። የፒስተኑ (ሲሊንደር ውስጥ የሚወጣው የሚወርደው ክፍል)፣ የቫልቮላውና የኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዕድሜ፣ ወጪውም ጭምር፣ የሚሰላው በሰዓት ነው።

50 ሺህ ኪሎሜትር የሄደ የመንገድ ሞተር ሳይክል በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ተጉዟል ቢባል 1250 ሰዓት ሠርቷል፤ ብዙ ጊዜም ሳይከፈት። የሞቶክሮስ ሞተርን ግን አምራቹ ራሱ፣ እንደ ሞዴሉና እንደ አነዳዱ፣ ከ15 እስከ 50 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፒስተን ቀይሩለት ይላል።

ይህ የጥራት ጉድለት አይደለም። እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል የነበረውን የኬቲኤም 250 ኤስ ኤክስ ኤፍ ሞተር እንይ፦ ፒስተኑ 52.3 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ሞተሩ በደቂቃ እስከ 14,000 ዙር ይደርሳል። በዚያ ፍጥነት ፒስተኑ በሴኮንድ 467 ጊዜ ያህል ቆሞ ይመለሳል፤ አማካይ ፍጥነቱም በሴኮንድ 24 ሜትር ነው። ይህን እንዲችል ቀለል ተደርጎ ይሠራል፤ ቁመቱ አጭር፣ ጎኑ ስስ፣ የጋዝ ፋሻው (ዙሪያውን የሚያትመው ቀለበት) አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ። ቀላል መሆኑ ኃይል ይሰጠዋል፣ ዕድሜውን ግን ይቀንሳል።

ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም። ፒስተኑ ቢዬላውን (ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) የሚጎትትበት ኃይል ከዙሩ ጋር በካሬ ያድጋል፤ በ14,000 ዙር ያለው በ7,000 ካለው አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ዝግ ብሎ የሚነዳ ሰው 50 ሰዓትና የተወዳዳሪ 50 ሰዓት አይገናኙም።

ፕሮፌሽናል ተወዳዳሪዎቹ ዘንድ ስንሄድ ሂሳቡ ይገለበጣል። በአሜሪካ የኤኤምኤ (የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ማኅበር) ፕሮ ሞቶክሮስ አንድ ውድድር 30 ደቂቃና ሁለት የሜዳ ዙር ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ። ማጣሪያው ተጨምሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ 11 የውድድር ቀን ያለው የውድድር ዘመን ሲደመር 20 ሰዓት ገደማ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ፒስተን ይበቃ ነበር። የፋብሪካ ቡድኖች ግን ከየውድድሩ በኋላ ሞተሩን ይከፍታሉ። ፋሻው ትንሽ ሲላላ ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩ ውድድር መሐል ከቆመ ደግሞ ነጥቡ ጠፋ። የመጭመቂያ ልኩን (ጋዙ የሚታመቅበትን መጠን) እና ዙሩን ከፍ ያደረጉት አውቀው ነው፤ ዕድሜ ከፍለው ኃይል ይገዛሉ።

ለግል አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ ኪስ የሚጎዳው ቫልቮላው ነው። የብዙዎቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች የአየር ማስገቢያ ቫልቮላዎች ቲታኒየም ናቸው፤ ላያቸው ላይ ስስ ጠንካራ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ብረት ቶሎ ይበላል፣ ቫልቮላው ወደ መቀመጫው ይሰምጣል፣ በቫልቮላውና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለው ክፍተትም ይጠባል። ብዙ ሰው የቫልቮላ ችግር «ይንኳኳል» ብሎ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን ድምፅ የለም። ምልክቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አልነሳ ማለቱ ነው። የሚለካው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ፒስተኑ በመጭመቂያ ምት ላይ ጫፍ ሲደርስ ነው። መመሪያው ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ካለና 0.07 ከተገኘ በስስ ሺም (ክፍተቱን የሚወስን ትንሽ ክብ ብረት) ይስተካከላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ከጠበበ ግን ሺም መቀያየር ራስን ማታለል ነው፤ ቫልቮላው ይቀየር፣ መቀመጫውም በመቁረጫ ይስተካከል። ቲታኒየሙን በማሻ (በመፈተጊያ) ቅባት ማሸት ፈጽሞ አይገባም፤ የቀረውን ሽፋን የሚልጠው እሱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ዕድሜ የሚያሳጥረው አቧራ ነው። ስፖንጅ የአየር ፊልትሮው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በዘይቱ እኩል ታሽቶ፣ ጠርዙ ግሪስ ተቀብቶ ካልገባ ፋሻና ሲሊንደር በሰዓታት ውስጥ ያልቃሉ። ፊልትሮው ሲወጣ የአየር ቱቦውን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁ ከቆሸሸ አቧራው አልፏል። ዘይቱም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ብቻ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ፍሪሲዮኑም የሚታጠበው በዚሁ ነው። ለሚወዳደር ሰው በየ5 ሰዓቱ መቀየሩ ብክነት አይባልም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የአሜሪካ ዋጋ ነው፣ በግምት። ፒስተን ከነፋሻው 200 ዶላር፣ ጓርኒሲዮኖች (ማሸጊያዎች) 100። በ30 ሰዓት ቢቀየሩ ሰዓቱ 10 ዶላር ይመጣል። ኮሎ ከነቢዬላውና ኩሽኔታዎቹ 500፤ በ60 ሰዓት 8 ዶላር። «ገና ይሠራል» ተብሎ የተተወ ፒስተን ጎኑ ሲሰበር ግን ስብርባሪው ወደ ኮሎ ይወርዳል። ሲሊንደርና ኮሎ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ ቴስታታም (የሲሊንደሩ ክዳን) የሞተሩ ቅርፊትም። ሂሳቡ ከ3,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ አዲሱ 450 ሲሲ ሞተር ሳይክል ራሱ 10 ሺህ ገደማ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተርን ዛሬም ሙጥኝ የሚሉ ሰዎች አላበዱም፦ ፒስተኑ ቶሎ ቢያልቅም ቫልቮላ የለውም፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይቀየራል።

ቆጣሪው የሚቆጥረው ሞተሩን እንጂ ፒስተኑን አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ በስንት ሰዓት እንደገባ ደብተር ላይ ይጻፍ። ያገለገለ ስትገዙ ደብተሩንና የዕቃ ደረሰኙን ጠይቁ፤ ቆጣሪው በጥቂት ዶላር የሚገዛ ነገር ስለሆነ፣ ዜሮ የሚያሳይ አዲስ ቆጣሪ ያረጀ ሞተር ላይ መግጠም አያስቸግርም። የእግር መርገጫው ጥርስና ቦት የሚፈትገው የፍሬሙ ጎን ግን እንዲህ በቀላሉ አዲስ አይሆኑም።