«ቤታ ከሆነማ ግሩፕ ኤ ነው» እና ሌሎች ስለ ስትሬፕቶኮከስ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የጉሮሮ ናሙና የተዘራበት ፕሌት (ደም የተጨመረበት አጋር፣ ማለትም የባክቴሪያ ማሳደጊያ ያለበት ሰሃን) አድሮ ከኢንኩቤተር ሲወጣ መጀመሪያ የሚደረገው ወደ መስኮት አንስቶ ማየት ነው። ብርሃኑ በቀዩ አጋር ውስጥ ሲያልፍ የመርፌ ጫፍ የምታክል ግራጫ ኮሎኒ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምችት፣ ትታያለች፤ ዙሪያዋን ደሙ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ መስታወት የመሰለ ክብ ቀርቷል። ቤታ ሄሞላይሲስ የሚባለው ይህ ነው። ላቦራቶሪ በገባሁበት ዓመት ይህን ክብ ብቻ አይቼ «ግሩፕ ኤ» (የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣ አንዱ የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ዓይነት) ብዬ ውጤት ጽፌ አውቃለሁ፤ ስህተት ነበር። አንድ ምልክት ብቻውን ስም አይሆንም። ለአዳዲስ ባልደረቦቼ ደጋግሜ የምነግራቸውን እዚህ ላስፍረው።

«ቤታ ከሆነማ ግሩፕ ኤ ነው»

አይደለም። ደም የሚያፈርሱ ስትሬፕቶኮከሶች ብዙ ናቸው። ሬቤካ ላንስፊልድ ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ባክቴሪያዎች በአንቲጅናቸው፣ ማለትም በላያቸው ባለው መለያ ንጥረ ነገር፣ ለዩአቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልን የምንጠራቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ከጉሮሮ የሚወጡት ግሩፕ ሲ እና ጂ ልክ እንደ ኤ ሰፊ ክብ ይሠራሉ፤ በዓይን መለየት አይቻልም።

አንቲጅኑን የሚለየው የላቴክስ ምርመራም ቢሆን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። የአንጂኖሰስ ቡድን የሚባሉት ኮሎኒያቸው በጣም ደቃቅ ነው፤ ግን የኤ፣ የሲ፣ የኤፍ ወይም የጂ አንቲጅን ሊይዙ ይችላሉ። ላቴክሱ «ኤ» ብሎ ኮሎኒው ደቃቅ ሆኖ ካገኛችሁት ፒዋይአር የተባለውን፣ የባክቴሪያውን ኢንዛይም በቀለም ለውጥ የሚያሳየውን ምርመራ ሳትሠሩ ወረቀት አታውጡ። ትክክለኛው ግሩፕ ኤ፣ ማለትም ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ፣ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ አንጂኖሰስ ግን ኔጋቲቭ ነው።

ግሩፕ ቢ ደግሞ ክቡ ደብዛዛ ነው፤ ጭራሽ የማይታይበትም አለ። ከአራስ ልጅ ደም ወይም ከጀርባ ከተቀዳ ፈሳሽ ያደገን ስትሬፕቶኮከስ «ቤታ አይደለም» ብሎ መተው ሕፃኑን ሊያሳጣን ይችላል።

«ባሲትራሲን ካቆመው አለቀ ደቀቀ»

ባሲትራሲን ግሩፕ ኤን ከሌሎቹ ለመለየት የምንጠቀምበት አንቲባዮቲክ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚውለው 0.04 ዩኒት ዲስክ ነው። ዕቃ ሲያልቅ ለሌላ ዓላማ የተዘጋጀውን ባለ 10 ዩኒት አንስቶ መጠቀም ምንም ውጤት አይደለም። ትክክለኛው ዲስክም ቢሆን አንዳንድ ግሩፕ ሲ እና ጂ ያቆማል። ፒዋይአር የተሻለ ነው፤ ኮሎኒውን በረጠበው ዲስክ ላይ ቀብታችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ጠብታዋን ስትጨምሩ ደማቅ ቀይ ይሆናል። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ የአንጀት ባክቴሪያ የሆነው ኢንቴሮኮከስም ቀይ ያደርገዋልና።

«ደም ደም ነው፤ የማንም ቢሆን አጋሩ ላይ ያው ነው»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አጋሩ የሚሠራበት የበግ ደም ሲጠፋ ጊዜው ያለፈበት የለጋሽ ደም ከከረጢት ተቀድቶ አጋር ላይ ይጨመራል። ፕሌቱ ላይ ላዩን ያምራል፤ ቀለሙ ቀይ ነው፣ ባክቴሪያም ይበቅልበታል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ሲትሬትና ግሉኮስ አለ፤ ግሉኮሱ የሄሞላይሲሱን መልክ ይለውጣል። ለጋሹ በስትሬፕቶኮከስ ተይዞ የሚያውቅ ከሆነ ደሙ ፀረ-ስትሬፕቶላይሲን ይኖረዋል፤ ክቡን የሚሠራውን መርዝ ራሱን ያከሽፈዋል። መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያው ላይበቅልም ይችላል። አጋሩን የሚያዘጋጀውም ሰው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። በመጨረሻ የሚወጣው ወረቀት «ግሩፕ ኤ አልተገኘም» ይላል፤ ልጁ ግን ጉሮሮውን እያመመው ቤቱ ይገባል። ያልታከመ የግሩፕ ኤ የጉሮሮ ሕመም ሊያስከትለው የሚችለው የሩማቲክ የልብ ሕመም ልጆቻችንን በሚቀጥፍበት አገር ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

የበግ ደም ሌላም ጥቅም አለው። ጉሮሮ ውስጥ ሄሞፊለስ ሄሞሊቲከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በፈረስ ደም ላይ ሲበቅል ክቡ ቁርጥ የስትሬፕቶኮከስ ነው። በበግ ደም ላይ አይበቅልም። በግ በየደጁ ባለበት አገር፣ አንድ በግ በወጉ ይዞ በንጽሕና እየቀዱ በመስታወት ጠጠር ፋይብሪኑን አውጥቶ መጠቀም የማይሞከር ነገር አይደለም። የፍየልም ደም ያገለግላል።

«ካታሌዝ አረፋ ሰጠ፤ ስለዚህ ስትሬፕቶኮከስ አይደለም»

ካታሌዝ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን አረፋ የሚያስወጣ ኢንዛይም ነው፤ ስትሬፕቶኮከስ የለውም። ግን ከኮሎኒው ጋር አጋሩን ነክታችሁ ከሆነ አረፋው የመጣው ከቀይ የደም ሴሎች ነው፤ እነሱም ካታሌዝ አላቸው። በእንጨት ከላይ ከላይ ነክታችሁ ድገሙት።

«አረንጓዴው የአፍ ነዋሪ ነው፤ ይጣል»

ከደም ወይም ከጀርባ ፈሳሽ ከመጣ አይጣልም። አረንጓዴ የሚያደርጉት፣ አልፋ የምንላቸው፣ ውስጥ ኒሞኮከስ አለበት፤ ሳንባና ማጅራት ገትር የሚያመጣው። አድሮ የከረመ ኮሎኒው መሐሉ ይሰረጉዳል። ሰፈር ውስጥ በቆርኪ ዳማ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፤ የተገለበጠ ቆርኪ ነው፣ ጠርዙ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ። መልኩ ብቻ ግን አያሳምንም። ኒሞኮከስን የሚያቆመው ኦፕቶቺን የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት ዲስክ (6 ሚሊሜትር፣ 5 ማይክሮግራም) አድርጋችሁ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ አሳድሩት፤ ዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክልል 14 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኒሞኮከስ ነው። ከዚያ ካነሰ በሐሞት ጨው ይሟሟ እንደሆነ ማየት ነው። «ማልዲ-ቶፍ ካለን ይሄ ሁሉ ለምን?» የሚሉ አሉ። ባክቴሪያን በፕሮቲኑ የሚለየው ይህ ማሽን ኒሞኮከስን ከቅርብ ዘመዱ ከስትሬፕቶኮከስ ሚቲስ ጋር ሊያምታታ ይችላል፤ የሐሞቱ ምርመራ ያን ጊዜም ያስፈልጋል።

«ኤኤስኦ ከፍ ብሏል፤ ባክቴሪያው አለብኝ»

ይህን የምሰማው ከታካሚዎች ነው፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ። ኤኤስኦ የተባለው የደም ምርመራ ባክቴሪያ አይፈልግም፤ ሰውነት ቀድሞ ለተጋፈጠው የስትሬፕቶኮከስ መርዝ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚለካው። ከሕመሙ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፤ ሲወርድ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ግሩፕ ሲ እና ጂም ያንኑ መርዝ ስለሚያመነጩ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ሩማቲክ ፊቨር መሆን አለመሆኑን ሐኪሙ ከሌሎች ምልክቶች ጋር አይቶ ይወስናል፤ ቁጥሯ ብቻዋን መርፌ አታስጀምርም።

«ግሩፕ ዲ ማለት ኢንቴሮኮከስ ነው»

ኢንቴሮኮከስ እ.ኤ.አ. በ1984 ከስትሬፕቶኮከስ ወጥቶ የራሱ ወገን ሆኗል፤ የዲ አንቲጅን ግን አሁንም ይዟል። ያንኑ አንቲጅን የያዘው ስትሬፕቶኮከስ ጋሎሊቲከስ፣ ድሮ ቦቪስ የምንለው፣ ፒዋይአሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ኢንቴሮኮከስ ፖዘቲቭ። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ጋሎሊቲከስ በደም ውስጥ የተገኘበት ሰው ከልቡ ቫልቭ ሌላ ትልቁ አንጀቱም ለካንሰር መመርመር አለበት። ወረቀቱ ላይ «ግሩፕ ዲ» ብቻ ከተጻፈ ሐኪሙ ያንን ምርመራ እንዲያዝ የሚያስታውሰው ነገር የለም።