ህንድ፣ ፓኪስታንና የካፌ ትንታኔያችን

በሜይ 2025 ህንድና ፓኪስታን ለአራት ቀን በሚሳይልና በድሮን ሲደባደቡ፣ ጅማ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ካፌ ሁሉ በተንታኝ ተሞልቶ ነበር። ያኔ የተባሉት አንዳንድ ነገሮች እስከ ዛሬ በየማኪያቶው ላይ ይደጋገማሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሁለቱም ኒውክሌር ስላላቸው አይዋጉም»

ተዋግተዋል እኮ! ሁለቱም በሜይ 1998 የኒውክሌር ሙከራ አደረጉ። በዓመቱ ካሽሚር ውስጥ ካርጊል ተራሮች ላይ ደም ተፋሰሱ። ከህንድ በኩል ብቻ ከ500 በላይ ወታደር አለቀ። ፍርሃቱ ግን ምንም አልሠራም አይባልም፤ የህንድ ተዋጊ አውሮፕላኖች ካሽሚርን ለሁለቱ የሚከፍለውን የቁጥጥር መስመር እንዳይሻገሩ ታዘው ነበር። ቦምቡ ጠቡን አጠበበው እንጂ አላስቀረውም። ይባስ ብሎ «ትልቁ ጦርነት መቼም አይመጣም» ብሎ የተማመነ ወገን ትንሹን ለመጫር ይደፍራል።

«ብዙ ያለው ያሸንፋል»

ህንድ 180፣ ፓኪስታን 170 አካባቢ የኒውክሌር ቦምብ እንዳላቸው ይገመታል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዋናው ጥያቄ አንዱን ወገን ቀድመው ቢመቱት እንኳ አጸፋ የሚመልስበት ይተርፈዋል ወይ ነው። አይተርፈኝም ብሎ የሚሰጋ ወገን ቀውስ ሲመጣ ጣቱ ይፈጥናል።

«ቀድመን አንተኩስም ብለው ቃል ገብተዋል»

ቃል የገባችው ህንድ ብቻ ናት። ፓኪስታን በመደበኛ ጦር ስለምትበለጥ ኒውክሌር ቀድማ ለመተኮስ በሩን ክፍት ትታዋለች።

«የሚያሰጋው ያበደ መሪ ነው»

ይህችን ጎበዝ የሚባለው ሰው ሁሉ ይላታል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ማርች 9 ቀን 2022 የሆነው ነው። አንድ የህንድ ብራሞስ ሚሳይል፣ ማንም መሪ ሳያዝ፣ በስህተት ተተኮሰ። ፓኪስታን እንዳለችው 124 ኪሎ ሜትር ወደ ግዛቷ ዘልቆ ሚያን ቻኑ ከተማ አጠገብ ወደቀ። ከጅማ አጋሮ ደርሶ ከመመለስ ይርቃል፤ በፓኪስታን ሰማይ ላይ የቆየው ግን አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። ህንድ ስህተት መሆኑን በይፋ ያመነችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ወዲያው አላሳወቀችንም ብላ ፓኪስታን ተማርራለች። ኋላ ላይ ሦስት መኮንኖች ከሥራ ተባረሩ። አሁን ያው ሚሳይል በሜይ 2025፣ ሁለቱም ወገን ደሙ በፈላበት ሰዓት ተተኩሶ ቢሆን ብላችሁ አስቡት። በአራት ደቂቃ ውስጥ ስህተት ይሁን ጥቃት ማን ይለያል?

«ጠላቶች ናቸው፣ አይነጋገሩም»

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 የኒውክሌር ተቋሞቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ «እነዚህን አትምታብኝ» እንደማለት ነው። በሜይ 10 ቀን 2025ም ተኩሱ የቆመው የሁለቱ ጦር የዘመቻ ኃላፊዎች በስልክ ተነጋግረው ነው። በ2005 በተፈራረሙት ስምምነት ደግሞ ባለስቲክ ሚሳይል (ወደ ላይ ተወንጭፎ በቅስት የሚወርደውን) ከመሞከራቸው በፊት አስቀድመው ይነጋገራሉ። ብራሞስ ግን እንደ አውሮፕላን የሚበር ክሩዝ ሚሳይል ስለሆነ ያ ስምምነት አይመለከተውም።