ካንዲዳ ምንድን ነው? ነጭ ምላስ ሁሉ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው የነጣ ምላሱን ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «ዶክተር፣ ካንዲዳ ሰውነቴ ውስጥ ተሰራጭቷል። ስኳርና እንጀራ አቁሜያለሁ፤ ሌላ ምን ላቁም?» ብሏል። አጉልቼ አየሁት። የጾም ምላስ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ምግብም ያልቀመሰ። በጾም የኔም እንዲሁ ነው።

እንዲህ ያለ መልእክት ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ካንዲዳ ስለሚባለው ፈንገስ አንዴ ልጻፍና ልገላገል።

የምላሳችን ጀርባ በጥቃቅን፣ ክር በመሰሉ ጉብታዎች የተሸፈነ ነው። ጫፋቸው ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ከኬራቲን ነው። ስናኝክና ምራቅ ሲፈስ ጫፉ ይታጠባል፣ ይረግፋል። ካልበላን፣ አፋችን ከደረቀ፣ ትኩሳት ከያዘን፣ አፋችንን ከፍተን ካደርን፣ ሲጋራ ካጨስን ይከማቻል። በላዩ የሞቱ ሴሎች፣ ባክቴሪያና የምግብ ቅሪት ይጨመርበታል። ብዙውን ጊዜ ነጩ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፤ «ካንዲዳ ገባብኝ» ወደሚለው። አልገባብዎትም፤ ድሮም ነበረ። ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ይኖራል። ደባል በሉት። ጥግ ይዞ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር ደባል። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ደባሎች፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ስላሉ እንደልቡ እግሩን አይዘረጋም። ምራቅ ቀኑን ሙሉ ቤት ይጠርጋል። አከራይዋ የሰውነታችን መከላከያ ናት፤ ዓይኗን አትነቅልበትም።

አንቲባዮቲክ ሲወሰድ ጎረቤቶቹ ይባረሩና ቦታ ይለቀቅለታል። ስቴሮይድ ያለበት የአስም ፓፍ ስበው አፍዎን ካልተጉመጠመጡ አከራይዋን በሯ ላይ አስተኟት ማለት ነው። አፍ ሲደርቅ ጠራጊው ሥራ ለቀቀ። ስኳር በሽታ ካልተቆጣጠሩት አከራይዋ ትደክማለች፣ ምራቁም ይጣፍጣል። ምሳሌውን እንደ ሙጫ እንደጎተትኩት ይገባኛል፤ ግን የጎተትኩት ለዚህች ነው። ደባሉን ሳሎን መሃል ፍራሹን ዘርግቶ ካገኛችሁት እሱን ማስወጣት ብቻ አይበቃም። አከራይዋ ምን ሆና ነው? እሷ ካልዳነች በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ትልቅ ሰው አፍ ውስጥ እውነተኛ ካንዲዳ ሳይ መድኃኒት ከመጻፌ በፊት ስለ ስኳር፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶች የምጠይቀው ለዚህ ነው። ነገር ፍለጋ አይደለም።

እውነተኛው ምን ይመስላል? እንደ አይብ ፍርፋሪ ነው። ምላስ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ጉንጭ ውስጥና ላንቃ ላይም ይታያል። በጎዝ ሲጠረግ ይለቅና ሥሩ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ይደማል። ሕፃን ላይ ከወተት ቅሪት የምንለየውም በዚህ ነው፤ ወተት በቀላሉ ይጠረጋል።

ግን ይህንን አንብባችሁ ምላሳችሁን በፎጣ መፋቅ እንዳትጀምሩ። የማይለቅ የካንዲዳ ዓይነትም አለ። የማይለቅ ነጭ ነገር ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂቱ ወደ ካንሰር የሚሄድ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪም ይታይ።

ሲብስ ደግሞ ነጭ የሌለው ካንዲዳ አለ። ቀይ ነው። ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ እናቶችና አባቶች ላንቃ ላይ፣ ልክ በጥርሱ ቅርጽ፣ ቀልቶ ይገኛል። ብዙ ጊዜ አያምም። የከንፈር ጥግ መሰንጠቅም አንዳንዴ የሱ ሥራ ነው። ምላሱ የነጣበት ጤነኛ ሰው በድንጋጤ ይመጣል፤ ላንቃው የቀላበት ደግሞ ቤቱ ይቀመጣል። (ጥርሱን ማታ ማታ አውልቃችሁ እጠቡት። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን እባካችሁ።)

እኛ አገር ነጭ ምላስ የሚያስደነግጥበት ምክንያት ይታወቃል። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል አልድን ያለ የአፍ ካንዲዳ የኤች አይ ቪ ደረጃ 3 ምልክት ነው። ይህ እውነት ነው። ቫይረሱ መኖሩ የሚታወቀው ግን በምርመራ እንጂ በመስታወት አይደለም።

አሁን ወደ እንጀራው። አንድ አስተያየት ሰጪ «ካንዲዳ እርሾ ነው፤ እርሾ ያለበትን ስትበላ እየቀለብከው ነው» አለኝ። እርሾ የአንድ ፍጡር ስም አይደለም፤ የብዙ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ዳቦ የሚያስነሳው ካንዲዳ አልቢካንስ አይደለም። በሊጡ ውስጥ ያለውም ቢሆን ምጣድ ላይ ይሞታል።

«ድካሙም፣ ጭንቀቱም፣ ራስ ምታቱም ካንዲዳ ነው» የሚለውም አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰፊው ተወርቷል። በ1986 የአገሪቱ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ግምት እንጂ ያልተረጋገጠ ነው አለ። በ1990 ደግሞ ኒስታቲን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ይህ ችግር አለባችሁ በተባሉ ሴቶች ላይ ከባዶ መድኃኒት (መድኃኒት መስሎ ውስጡ ምንም ከሌለው) ጋር ተወዳደረ። የብልት አካባቢ ምልክቶችን አሻሻለ። ድካሙንና ጭንቀቱን ግን ከባዶው አልበለጠም። አስተያየት ሰጪው «ጥናቱ የድሮ ነው» አለኝ። እሺ። ካንዲዳ መኖሩን ለማወቅ እየተባለ ጠዋት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ምራቅ ተፍቶ ክሩን ማየትስ የመቼ ጥናት ነው? ምራቅ ንፍጥ መሰል ነገር አለው፤ አረፋ ሲኖረው ይንሳፈፋል፣ ሳይኖረው ይሰምጣል። የሁላችንም ክር ይሠራል።

ፋርማሲ ሄዳችሁ በራሳችሁ ለምትገዙት ሁለት ነገር ልበል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች፣ የፈንገስ መድኃኒቶቹ የአፍ ሚኮናዞል ጄልም ሆነ ፍሉኮናዞል ደማችሁን ከልክ በላይ ሊያቀጥነው ይችላል፤ ሳትጠይቁ አትንኩት። ኒስታቲንና ክሎርሄክሲዲን ያለበት መጉመጥመጫ ደግሞ አንድ ላይ አይሄዱም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል።

ፎቶውን ለላከልኝ ሰውዬ የመለስኩለት አጭር ነበር። «ምላስዎ ደህና ነው፤ እንጀራዎን ይብሉ። ግን ፎቶው ላይ ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋ ጥርስዎ ተቦርቡሯል። እሱን ይምጡና ልየው።»