በረኪና፣ ከሰል፣ እጣን፣ ላምባ፦ ስለ ልጆች ሳንባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም፤ ቤት ይግባ»

ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ መውጣቱን አያቆምም። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፤ አመድ የለበሰ ፍም እንኳ ያወጣዋል። ጉዳቱም ከሳንባ ያልፋል፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ማንደጃውን «ልጆቹን ያሙቅ» ብሎ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። የቤቱ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸውና ድብት ካለው «ምግቡ ይሆን?» እያሉ ጊዜ አይፈጅም። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም።

«በረኪናው ካልሸተተ አልጸዳም»

አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር የልጁንም የአየር ቧንቧ ይቆጠቁጣል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና 10 ሚሊ ሊትር (2 የሻይ ማንኪያ) ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለወለል ይበቃል። ሙቅ ውሃ ትነቱን ያበዛል፣ ኃይሉንም ይቀንሳል። ወለሉ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብና ይለቅለቅ። አለዚያ በረኪናው ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፤ አጣቢውም «አልሠራም» ብሎ ይጨምርበታል።

ትልቁ አደጋ ግን ድብልቁ ነው። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ የሚድኸው ልጅ የሚተነፍሰውም እዚያው ነው። ሽንት ያለበት ፖፖ ላይ በረኪና ማፍሰስም ክሎራሚን የተባለ ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ ያስነሳል። ሽንቱ ይደፋ፣ ፖፖው በውሃ ይለቅለቅ፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ። መስኮት ተከፍቶ ወለሉ እስኪደርቅ ልጅ ሌላ ክፍል ይቆይ፤ አስም ካለበት ደግሞ ደጅ።

«እጣን የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም»

ማገዶም የተፈጥሮ ነው። የሚጤስ ነገር ሁሉ እስከ ሳንባ ጥልቅ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝ አለው። እጣን ይቅር ብንል የሚሰማን የለም፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ሕፃኑ ሌላ ክፍል እያለ ይጢስ። ሌሊቱን ሙሉ የሚጤሰው ጥምዝምዝ የትንኝ ማባረሪያ ግን ልጅ በተኛበት ክፍል ቦታ የለውም። አጎበር ይበቃል።

«ልጁ ጭሱን ለምዶታል»

የለመደው አፍንጫው ነው። የሕፃን ሳንባ የአየር ከረጢቶች ግን ከተወለደም በኋላ ለዓመታት እየበዙ ይሄዳሉ። አራስ ልጅ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፣ አዋቂ ከ12 እስከ 20። የሚያስል ልጅ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት ትንፋሹ ሙሉ 1 ደቂቃ ይቆጠር፦ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ አንድ ደቂቃም አይጠበቅ።

«ላምባ የጠጣ ልጅ ወተት ጠጥቶ ያስመልስ»

ላምባ ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ከሆድ ይልቅ የሚጎዳው ሳንባን ነው፤ በትንታ ሾልኮ ይገባል። ማስመለስ ያንኑ ላምባ በጉሮሮ ደጃፍ ዳግም ያሳልፈዋል። ወተቱም ሆድ ሞልቶ ትውከት ይጠራል እንጂ መርዙን አያረክሰውም። የራሰው ልብስ ይውለቅ፣ ገላው በሳሙና ይታጠብ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ላምባ በውሃ ሃይላንድ አይቀመጥ፤ ልጅ የሚያውቀው ሃይላንድ የሚጠጣ ነገር እንዳለበት ነው።