ዕድሜዋ የገፋ ዓይን አፋር ድመትን ከጊዜያዊ አሳዳጊ ቤት መውሰድ

ጊዜያዊ አሳዳጊ ቤት የሚባለው፣ የእንስሳት መጠለያ ባለቤት ያላገኘን እንስሳ በአደራ የሚያስቀምጥበት የበጎ ፈቃደኛ መኖሪያ ቤት ነው። በተለመደው አሠራር የሕክምናው ወጪም ሆነ ኃላፊነቱ የመጠለያው ሲሆን፣ አሳዳጊው የሚሰጠው ቤቱን፣ ጊዜውንና ትዕግሥቱን ነው። ጡት ያልጣሉ ትንንሽ ድመቶች፣ ከቀዶ ሕክምና የሚያገግሙና የመጠለያውን ጫጫታ መቋቋም ያቃታቸው ወደዚያ ይላካሉ። ዕድሜዋ የገፋ ዓይን አፋር ድመት ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ወገን ናት። ጎብኚ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትቀመጥ ድመት በቀላሉ ትታለፋለች። ጠባይዋን በዚያች ቅጽበት መመዘን ግን በደል ነው፤ ስለ እርሷ እውነተኛውን ምስክርነት መስጠት የሚችለው አብሯት የሚኖረው ሰው ነው።

የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበራት በ2021 ባወጡት መመሪያ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለች ድመት ጎልማሳ፣ ከ10 ዓመት በላይ የሆናት ደግሞ አረጋዊት ተደርጋ ትቆጠራለች። ቤት ውስጥ የምትኖር ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ መኖሯ እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ የ10 ዓመት ድመት የሚወስድ ሰው ገና ብዙ ዓመት አብሯት ሊኖር ይችላል። እነዚህ ድመቶች ወደ መጠለያ የሚገቡት ባለቤታቸው ሲሞት፣ በሕመም ምክንያት መንከባከብ ሲያቅተው ወይም ድመት ወደማይፈቀድበት ቤት ሲዛወር ነው። አብዛኞቹ ሶፋና አልጋ፣ የበር ድምፅና የሰው እጅ የሚያውቁ ናቸው። ያጡት የለመዱትን ቤት ነው፤ ለድመት ደግሞ ቤት ማለት በገዛ ሽታዋ ምልክት ያደረገችበት ግዛቷ ነው።

ዓይን አፋርነት ከአንድ ምንጭ ብቻ አይመጣም። ድመት ሰውን የምትላመድበት ዋናው ጊዜ ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ሰው ያልነካት ድመት ካደገች በኋላም ጥንቁቅ ሆና ልትቀር ትችላለች። ዘርም ድርሻ አለው፤ ተግባቢ አባት ያላቸው ልጆች ደፋሮች የመሆን ዝንባሌ እንዳላቸው በጥናት ታይቷል። የሚረሳው ምክንያት ሕመም ነው። ጥርሷን ወይም መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት ትደበቃለች፣ ስትነካም ትቆጣለች፤ ሰዎች ግን ይህን እንደ ተፈጥሮ ጠባይዋ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ድመቷ ዓይን አፋር ናት ከመባሉ በፊት በሐኪም መታየቷን መጠየቅ ይገባል።

መደበቅ ራሱ በሽታ አይደለም። በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ወደ መጠለያ ከገቡ ድመቶች መካከል መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ቀድመው ተረጋግተዋል። የአሳዳጊ ቤት ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። መደበቂያ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ በየቀኑ የሚመላለሰውም ያው ሰው ነው። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ በመጠለያው ሳጥን ውስጥ እንደ ድንጋይ ደርቃ የነበረችው ድመት ማታ ማታ ወጥታ እግር ስር መተኛት ልትጀምር ትችላለች። ይህን የሚያየው አሳዳጊው ብቻ ነው። ድመቷን ሊወስድ የሚያስብ ሰው ሊጠይቀው የሚገባውም ይኸው ነው፦ በስንት ሰዓት ትወጣለች? ከማን እጅ ትበላለች? የት ስትዳበስ ደስ ይላታል፣ የትስ ስትነካ ትሸሻለች? የሚያስደነግጣት የትኛው ድምፅ ነው? ሌላ ድመት፣ ውሻ ወይም ልጅ ስታይ ምን ታደርጋለች? ጥሩ አሳዳጊ ጉድለቷንም ሳይሸሽግ ይናገራል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሊመሰገን ይገባል።

በጉብኝቱ ቀን ድመቷን ከተደበቀችበት ጎትቶ ማውጣት አይገባም። ወለል ላይ ጎን ሰጥቶ መቀመጥ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ማውራት፣ እጅን ዘርግቶ እርሷ እስክታሸት መጠበቅ ይበቃል። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት፣ ሰው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ በዝግታ ሲጨፍን ድመቶች ያንኑ የመመለስና ወደ ሰውየው የመቅረብ ዝንባሌ ያሳያሉ። አፍጥጦ መመልከትን ግን እንደ ዛቻ ይወስዱታል። በመጀመሪያው ጉብኝት ድመቷ ጨርሶ ባትወጣም ይህ እምቢታ አይደለም።

ወደ አዲሱ ቤት ስትሄድ የለመደችውን ምግብና የመጸዳጃ አሸዋ፣ እንዲሁም የተኛችበትን ያልታጠበ ጨርቅ ይዞ መሄድ ሽግግሩን ያቀልላታል። መጀመሪያ የምትገባው ወደ አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ነው፤ መደበቂያዋ፣ ውኃዋና ምግቧ፣ ከምግቡ ራቅ ብሎም መጸዳጃዋ እዚያው ይሁኑ። በመጠለያዎች ዘንድ ሦስት ቀን ለመረጋጋት፣ ሦስት ሳምንት ለመልመድ፣ ሦስት ወር ቤቱን የራስ ለማድረግ የሚል የተለመደ መለኪያ አለ። ለዓይን አፋር ድመት ይህ አጭር ነው፤ ዓመት የሚፈጅባቸውም አሉ። ትዕግሥት የማይሠራበት አንድ ጉዳይ ቢኖር ምግብ ነው። ድመት፣ በተለይም ወፍራም ከሆነች፣ ለጥቂት ቀናት ሳትበላ ከቆየች ስብ ጉበቷ ውስጥ ተከማችቶ ሕይወቷን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

የዕድሜዋ ጉዳይ የራሱ ጥንቃቄ አለው። በ2002 በታተመ የራጅ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ ከሆናቸው ድመቶች 90 በመቶው የመገጣጠሚያ መጎዳት ምልክት ታይቶባቸዋል፤ ጠርዙ ዝቅ ያለ የመጸዳጃ ሳጥንና ወደ መስኮት የሚያደርስ መወጣጫ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውኃ ማብዛት የኩላሊት ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እየበሉ መክሳት ደግሞ ከእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ሊመጣ ይችላል። ዓይን አፋር ድመት ሕመሟን ስለምትደብቅ ክብደቷን በየወሩ መመዘን፣ የደምና የሽንት ምርመራም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማስደረግ ይመከራል። ለዚህም የማጓጓዣ ሳጥኑን ለጉዞ ቀን ብቻ ከማውጣት ይልቅ፣ ውስጡን ጨርቅ አንጥፎ በሩን ከፍቶ ክፍሏ ውስጥ መተው ይሻላል፤ የምትተኛበት ሳጥን ወደ ሐኪም ሲወስዳትም ያን ያህል አያስፈራትም።